እርከን ቆጣሪ በዛ፣ እርከን ዟሪ ጠፋ

ስድስት ሰዓት ሙሉ በእግሬ ሄጄ አንድም ዳገት ሳልወጣ፣ አንድም ቁልቁለት ሳልወርድ የዋልኩት ሆላንድ ነው። ለዋግ ልጅ ይህ ጉዞ አይባልም። እኛ ዘንድ ጎረቤት ቡና ጠርቶህ እንኳ አንድ ሸለቆ ወርደህ አንድ አቀበት ትወጣለህ። እዚያ መሬቱ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ነው። ግራና ቀኝ ቦይ፣ ከቦዩ ማዶ ሣር፣ ሣሩ ላይ ላም፣ ከላሟ በላይ ሰማይ። ሌላ የለም።

ለትምህርት ሁለት ዓመት በቆየሁበት ጊዜ ነው። ያን ቀን አብረውኝ የሄዱት ጎረቤቴ የነበሩ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። «ና፣ አገር ላሳይህ» ብለው ወሰዱኝ። እውነቱን ልናገርና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት በልቤ ስስቅባቸው ነበር። «ይህን ሜዳ ነው አገር ብለው የሚያሳዩኝ? የላስታን ተራራ፣ የተከዜን ገደል ቢያዩ ምን ሊሉ ነው?» እያልኩ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። አዛውንቱ በየመቶ እርምጃው ይቆማሉ። የምንሄድበት መንገድ ቦዩን ከእርሻው የሚለይ ከፍ ያለ የአፈር ክትር ነው። ቆም ይሉና በምርኩዛቸው የክትሩን ጎን ወጋ ወጋ ያደርጋሉ። ጎንበስ ብለው ሣሩን ገለጥ አድርገው ያያሉ። በመጨረሻ ጠየቅኳቸው።

«ስንጥቅ እየፈለግኩ ነው» አሉኝ።

በጋው ደርቆ ነበር። ክትር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ክትር ይናዳል፣ ክትር ከተናደ ደግሞ መንደሩ ከውሃው በታች ስለሆነ ውሃው ቤት ይገባል። እሳቸው በፈቃዳቸው ክትር ከሚጠብቁት አንዱ ነበሩ። እኔ ሽርሽር የወጣን መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሽርሽርም ጥበቃም ላይ ነበሩ፤ ለእሳቸው ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሆላንድ አይደለም። ስለ ሰቆጣ ነው፤ ስለ ደሃና፣ ስለ ዝቋላ፣ ስለ አበርገሌ፣ ስለ ጋዝጊብላ ነው። ስለ እርከናችን ነው። ግን ነገሩ እንዲገባን ከዚያ ሜዳ መነሳት አለብኝና ትንሽ ታገሡኝ።

ፖልደር የሚሉት መሬት ድሮ ውሃ የነበረ ነው፤ ሐይቅ፣ ረግረግ ወይም ባሕር። ዙሪያውን በክትር ያጥሩታል፣ ውስጡን በቦይ ይሸነሽኑታል፣ ውሃውን ድሮ በነፋስ ወፍጮ ዛሬ በሞተር እየሳቡ ወደ ውጭ ይደፉታል። ቤምስተር የሚባለው ፖልደር ሐይቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1612 ደርቆ እርሻ ሆነ፤ በ1999 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ብዙዎቻችን ትራንዚት የምናድርበት የስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ያረፈው የሐይቅ ወለል ላይ ነው። ከአገሪቱ ስፋት ሩብ ያህሉ ከባሕር ጠለል በታች ነው፤ ዝቅተኛው ቦታ ወደ ሰባት ሜትር ገደማ ይወርዳል።

የእኛ ሰው ወደዚያ ለልምድ ልውውጥ ሲሄድ የነፋስ ወፍጮውን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። «ቴክኖሎጂ ነው» ይላል። «ገንዘብ ነው» ይላል። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። ያቺን አገር እስከ ዛሬ ከውሃ በላይ ያቆያት ግን ከወፍጮው በፊትም የነበረ፣ ከሞተሩ በኋላም ያልቀረ ሌላ ነገር ነው። እሱም ዙር ነው። የሠሩትን በእግር እየዞሩ ማየት።

ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ገበሬዎቹ የውሃ ሸንጎ አቋቋሙ። ያኔ ሀብታም አልነበሩም፤ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። ክትሩ ለየገበሬው ተሸንሽኖ ይሰጣል፤ ይህ ያህል ርዝመት የእገሌ፣ ይህ ያህል የእገሊት። በዓመት በታወቁ ቀናት የክትሩ ሹምና የሸንጎው ሰዎች ድርሻ ድርሻውን እየዞሩ ያያሉ። ድርሻውን ያላደሰ ይቀጣል። ማደስ ያቃተው ደግሞ አካፋውን ክትሩ ላይ ተክሎ መሬቱን ጥሎ ይሄዳል፤ አካፋውን የነቀለ ሰው መሬቱንም ግዴታውንም ይወርሳል። ጨካኝ ሕግ ነው። ግን አንድ ነገር ግልጽ አድርጓል፦ እያንዳንዱ ክንድ ክትር ባለቤት አለው፣ እያንዳንዱ ክንድ ክትር ይታያል።

እነዚህ የውሃ ሸንጎዎች ዛሬም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ ከሁለት ሺህ በላይ ነበሩ፤ እየተዋሃዱ ዛሬ 21 ሆነዋል። የራሳቸው ምርጫ፣ የራሳቸው ግብር አላቸው። ቦይ ዞሮ ማየቱም አልቀረም።

እነሱም ቸል ያሉበት ጊዜ አለ፤ ዋጋውንም ከፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጥር 31 ወደ የካቲት 1 በሚያነጋው ሌሊት ባሕሩ ክትሩን ሰብሮ ገብቶ በዚያች አገር ብቻ 1,836 ሰው ገደለ። ክትሮቹ ዝቅተኛና ደካማ መሆናቸውን ባለሙያዎች አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን የሰማ አልነበረም። በነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዊልኒስ በሚባል መንደር የአንድ ቦይ ክትር ተናደና ውሃው መንደሩን አጥለቀለቀው። ምክንያቱን ስትሰሙ ትገረማላችሁ፤ ድርቅ ነው። ክትሩ የተሠራበት አፈር ደርቆ ቀለለና የውሃው ግፊት ገፋው። ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። ጎረቤቴ በደረቅ በጋ ስንጥቅ የሚፈልጉት ለዚህ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ።

በየዓመቱ ጥር ሲገባ የተፋሰስ ዘመቻ ይጀመራል። ጡሩንባ ይነፋል። ባንዲራ ይተከላል። አባወራው፣ እማወራዋ፣ ወጣቱ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል። ያለ ክፍያ፣ ለሳምንታት። ድንጋይ ይፈነቀላል፣ እርከን ይካባል። ካሜራ ይመጣል። ማታ በዜና «ይህን ያህል ሺህ ሄክታር መሬት ላይ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ተከናወነ፣ ይህን ያህል ሕዝብ ተሳተፈ» ይባላል። ከዚያ ላይ የሴፍቲኔቱን ጨምሩ፤ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ስንት የዋግ እጅ በስንዴና በብር ስንት እርከን ሠራ? ከዚያም በፊት ከ1966ቱ ረሀብ፣ ከ1977ቱ ረሀብ በኋላ «ምግብ ለሥራ» እየተባለ ስንት ጋራ ተካበ?

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ይህ ሁሉ እርከን የት አለ?

የተነገረው ሁሉ ተደምሮ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ዋግ ውስጥ እርከን ያልለበሰ ጋራ አይኖርም ነበር። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንዳንዱ ጋራ በሪፖርት ሦስት አራት ጊዜ ተሠርቷል። ጥር ላይ ይሠራል፣ ሐምሌ ላይ ይፈርሳል፣ በሚቀጥለው ጥር እዚያው ቦታ ላይ «አዲስ» ተብሎ ይቆጠራል።

አጎቴ ማሳ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከማሳው በላይ ያለው ጋራ በዘመቻ ተካበ። ጥሩ እርከን ነበር፤ የሠሩት ድንጋይ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ብርቱ ዝናብ ጣለ። ከላይኛው እርከን ላይ አንድ ቦታ፣ የአንድ በር ያህል ስፋት፣ ድንጋዩ ወለቀ። ያን ቀን ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ቢሠራ ይዘጋ ነበር። ማንም አላየውም፤ ያየውም «የመንግሥት ሥራ ነው» ብሎ አለፈው። እርከን ደግሞ ጠባዩ ይህ ነው፦ ውሃን በረጅሙ አግዶ ይይዛል፤ አንድ ቦታ ከተከፈተ ከዳር እስከ ዳር የታቆረው ውሃ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። በተነው ቢሄድ የማይጎዳው ውሃ ተሰብስቦ ሲሄድ ይገድላል። ሁለተኛውን እርከን ሰበረ፣ ሦስተኛውን ሰበረ፤ ነሐሴ ሲያልቅ የአጎቴ ማሳ መሐል ሰው የሚሰውር ቦረቦር ነበረው። እርከን ባይሠራ ኖሮ ያ ቦረቦር እዚያ ቦታ ላይ አይከፈትም ነበር።

አጎቴ ያኔ ያለኝን አልረሳውም። «ልጄ፣ የሠራነው እኛ፣ የቆጠሩት እነሱ። የፈረሰ ጊዜ የማን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረን።»

ጥፋቱ ሁሉ እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። እርከኑ ሲሠራ የሁሉም ነው፤ ሲፈርስ የማንም አይደለም። አንድ የወረዳ ባለሙያ ጠይቄ ነበር፤ ቦታውንም ስሙንም አልጠቅስም፣ ጎበዝ ልጅ ነው። «በክረምት ወጥታችሁ የሠራችሁትን ታያላችሁ?» አልኩት። ሳቀ። «የሪፖርት ቅጹ ላይ የተሠራ እንጂ የቆመ የሚል ዓምድ የለም» አለኝ። ቅጹ ያልጠየቀውን ማን ያያል?

አሁን የሚነሱ ተቃውሞዎችን አውቃቸዋለሁና አንድ በአንድ ልመልስ።

«ሆላንድ ሜዳ፣ ዋግ ተራራ፤ ምን ያገናኛቸዋል?» የሚል አለ። የእነሱ ጠላት የሚመጣ ውሃ ነው፤ የእኛ ጠላት የሚሄድ ውሃ ነው። ልክ ነው፣ ተቃራኒ ነው። ግን ሁለታችንም የምንኖረው ሰው በሠራው የአፈርና የድንጋይ ግንብ ተይዞ በቆመ መሬት ላይ ነው። ሁለታችንም ዘንድ አንድ ቀዳዳ ከታች ያለውን ሁሉ ያጠፋል። እንዲያውም የእኛ ይብሳል። እነሱ ጋ የገባው ውሃ በሞተር ይወጣል፤ ከእኛ የሄደው አፈር ግን አይመለስም። የት እንደሚሄድም እናውቃለን። ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ የጋራችን አፈር ማረፊያው እሱ ነው። የአጎቴ ማሳ ዛሬ በከፊል ዓሣ ይዋኝበታል።

«እነሱ ሀብታም ናቸው፣ እኛ ድሆች ነን» የሚልም አለ። ዙር የጀመሩት ድሃ ሳሉ ነው፤ ሀብቱ የመጣው ክትሩ ስለቆመ ነው። ደግሞስ ድሃ የሆነ ነው አንድ ሥራ አራት ጊዜ የሚሠራው ወይስ ሀብታም? ሀብታም ቢያባክን ያምርበታል። እኛ ግን የአንድን እናት የሠላሳ ቀን ጉልበት በነፃ ወስደን ለጎርፍ እንሰጣለን። ብክነት ማለት ይህ ነው እንጂ አንድ ጠዋት እየዞሩ ማየት አይደለም።

«ክረምት የእርሻ ጊዜ ነው፣ ገበሬው ሥራ አለበት» የሚለው ከሁሉም የተሻለ ተቃውሞ ነው። የሴፍቲኔት ሥራም ከእርሻ ጋር እንዳይጋጭ ተብሎ በበጋ የሚሠራው ለዚህ ነው። ግን ዙር የሠላሳ ቀን ዘመቻ አይደለም። ብርቱ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ከየጎጡ ተራ የደረሳቸው አራት ሰዎች፣ አንድ ጠዋት። የወለቀውን ድንጋይ ይመልሳሉ፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ምልክት አድርገው ይናገራሉ። ጉልበት የሌላቸው አዛውንትም ይችሉታል፤ እንዲያውም እርከኑ የት እንደሚደክም ከሁሉም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

«ሰው ተርቦ ስለ መዞር ታወራለህ?» የሚለኝም ይኖራል። አዎ፣ ስለተራበ ነው የማወራው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ቃሉን በማን ስም ጠራው? «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። የከተማችን ስም በመላው ዓለም ጉባኤ ላይ የሚነሳው ከቀነጨሩ ሕፃናት ጋር ነው። ዋግ ሹሞች የተቀመጡባት፣ በዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ዳግማዊ በዋግ ሹም ጎበዜ በኩል ንጉሠ ነገሥት ያስገኘች አገር፣ ዛሬ ስሟ የረሀብ መለኪያ ነው። ቀኑ ደግሞ እየደረሰ ነው፤ 2030 ማለት በእኛ 2022 ዓ.ም ነው። መቀንጨር በዱቄት ብቻ አይጠፋም። ምንጩ ከጋራው ሥር እስከ ግንቦት ከፈሰሰ ጓሮ ጎመን ይበቅላል፣ እናት ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን አትጠፋም፣ ሕፃኑ ንጹሕ ውሃ ያገኛል። ምንጩ እስከ ግንቦት የሚፈሰው ደግሞ የክረምቱ ውሃ ጋራው ላይ ቆይቶ ሲሰርግ ነው። የሚያቆየው እርከኑ ነው። እርከኑን የሚያቆየው ሰው ነው። ስለዚህ የሕፃኑ ቁመት የሚጀምረው ሐምሌ ላይ የወለቀ ድንጋይ ከመመለስ ነው።

ይህ እንደሚቻል ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ የምትባለው ቀበሌ ተራቁታ ልትለቀቅ ደርሳ የነበረች ናት፤ ተፋሰሷን አክማ፣ ጉድጓዶቿ ውሃ ቋጥረው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታትን የኢኳተር ሽልማት ወሰደች። እንደኛው ድንጋይ፣ እንደኛው ዝናብ።

የሚያስፈልገው ሥርዓትስ? ከሆላንድ ማስመጣት አያስፈልግም። እኛ ዘንድ የመስኖ ውሃ ተራ የሚያከፋፍል «የውሃ አባት» አለ። ሕዝቡ የመረጠው፣ ተራ የሰረቀውን የሚቀጣ፣ ቦይ የሚያስጠርግ። ሰንበቴ አለ፤ ተራውን የዘነጋ ይቀጣል፣ ማንም ወረዳ ድረስ አይከስም። ወንፈልና ደቦ አለ። የሆላንዱ የክትር ሹም ማለት የእኛው የውሃ አባት ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። እነሱ የክትር ሹማቸውን ወደ መንግሥት አሠራር አሳደጉት፤ እኛ የውሃ አባታችንን እዚያው ቦዩ ዳር ትተን ጋራውን ለዘመቻ ኮሚቴ ሰጠነው። ኮሚቴው በየካቲት ይበተናል። ጎርፉ ግን በሐምሌ ነው የሚመጣው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ስለ ረግረግም አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሆላንዶችን ከስህተታቸው እንማር። እነሱ ረግረግን ሁሉ ሲያደርቁ ኖሩ። ሲደርቅ አፈሩ እየሰመጠ መጣ፤ አሁን በአንዳንድ ቦታ ውሃውን መልሰው ከፍ እያደረጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ባደረቁት አንድ ትልቅ ፖልደር ውስጥ ለፋብሪካ ያሰቡት ዝቅ ያለ ቦታ አልደርቅ ብሎ ረግረግ ሆነ። ወፉ መጣ። ሐሳባቸውን ቀየሩና ቦታውን ለወፉ ተዉት፤ ዛሬ ኦስትፋርደርስፕላሰን ተብሎ በመላ አውሮፓ የታወቀ የወፍ አገር ነው፤ ሰው ከሩቅ እየመጣ ዳር ዳሩን በእግሩ ይዞራል።

እኛስ? ከምንጭ ዓይን በታች ያለችውን ትንሽ ጨፌ፣ በበጋ ብቻዋን አረንጓዴ ሆና የምትቀረዋን፣ «ሥራ የፈታ መሬት» ብለን ባሕር ዛፍ እንተክልባታለን። ባሕር ዛፍ ውሃ መጣጭ መሆኑን የማያውቅ ገበሬ የለም። ግንቦት ላይ ምንጩ ሲነጥፍ «ዝናቡ ከዳን» እንላለን። ሐረርን ውሃ ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ሲደርቅ አገር ሁሉ አለቀሰ። ቆይቶ ውሃ መመለስ ቢጀምርም ትምህርቱ ግን አልተመለሰም። የዋግ ሐይቆች እነዚያ የምንጭ ጨፌዎች ናቸው። ትናንሽ ናቸውና ሲደርቁ ማንም ዜና አይሠራላቸውም።

አባቶቻችን ግን ረግረግን በንቀት አያዩም ነበር። ላስታ ውስጥ ያለውን ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ያውቃል። ዋሻ ውስጥ፣ ከሥሩ እርጥብ የሆነ ረግረጋማ መሬት ላይ፣ የእንጨት ንጣፍ አንጥፈው በድንጋይና በእንጨት ያን የመሰለ ሕንፃ አቆሙ። ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆሟል። ውሃውን አልነቀሉትም፤ አውቀውት በላዩ ሠሩ፤ ሲጠብቁትም ኖሩ። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው ስለተሠራ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ የሚዞረው አገልጋይ ስላለው ነው።

አሁን ወደ «ሃይኪንግ» ልምጣ። አዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር ቴሌግራም በእግር ጉዞ ማስታወቂያ ይሞላል፤ እንጦጦ፣ ወንጪ፣ መናገሻ። ጥሩ ነው። የዋግ ቱሪዝም ሲነሳ ግን የምንሰማው «መጀመሪያ አስፋልት፣ መጀመሪያ ሆቴል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሁለት የሆላንድ ሴቶች አገራቸውን ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚያቋርጥ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የእግር መንገድ አወጡ፤ ፒተርፓድ ይባላል። አዲስ መንገድ አልጠረጉም፤ ያለውን የክትር፣ የእርሻና የመንደር መንገድ አገናኝተው ምልክት አደረጉበት። ዛሬ ሕዝብ ይጎርፍበታል። በአገራችንም መቄት ላይ ከ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ጀምሮ ገበሬዎች የራሳቸውን ጎጆ ሠርተው፣ እንግዳ በእግር እየመሩ፣ ጓዙን በአህያ እየጫኑ ገቢ ያገኙ ነበር። ሆቴል አልጠበቁም።

እርከን የሚዞርበት መንገድ እንግዳ የሚሄድበት መንገድ ነው። ከላሊበላ በይምርሐነ ክርስቶስና በቢልባላ አድርጎ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ፣ ከዚያ የዕጣን ዛፍ ወዳለበት ወደ አበርገሌ ቆላ። መንገዱ አለ፤ ሕዝቡ ይሄድበታል። የዋግ ማር አለ። የጎደለው መንገዱን እንደ ሀብት የሚያይ ዓይን ነው።

ዛሬ ግን እንግዳ ኑ አልልም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ጦርነት ሰቆጣ ያየችውን አይታለች፤ ተፈናቃይ ወገኖቻችንን አስጠልላለች፤ ሰላሙም ገና አልተሟላም። ሰላም በሌለበት ቱሪስት መጥራት ነውር ነው። እርከን መዞር ግን ሰላም እስኪመጣ አይጠብቅም። የሚዞረው የጎጡ ሰው ነው፤ የሚዞረውም የራሱን ጋራ ነው። ሰላም የመጣ ቀን መንገዱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው።

1. የተፋሰስ ሪፖርት ሁለት ዓምድ ይኑረው፦ «በጥር የተሠራ» እና «በመስከረም የቆመ»። የወረዳ ኃላፊ የሚመዘነው በሁለተኛው ይሁን። ይህ አንድ ብር አያስወጣም። የሚያስወጣው ድፍረት ብቻ ነው።

2. በየተፋሰሱ ሕዝቡ ራሱ የሚመርጠው የጋራ አባት ይኑር፤ እንደ የውሃ አባት። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ የዙር ቀን ይቆረጥ። የታየው በቤተ ክርስቲያን ደጅና በገበያ ይነገር፦ እዚህ ፈርሷል፣ እዚህ ቆሟል።

3. የሴፍቲኔት የሥራ ቀን የተወሰነው ለጥገና ይመደብ። አዲስ መካብ ብቻ እንጂ ማደስ የማያስከፍል ከሆነ ማንም አያድስም፤ እንዲፈርስ መጠበቅ ያዋጣላ!

4. ከምንጭ ዓይንና ከጨፌ አጠገብ ባሕር ዛፍ መትከል በቀበሌው የራሱ ደንብ ይከልከል፤ የተተከለው በስምምነትና በካሳ ይነሳ።

5. የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው ከተማችን አለ። የትኛው ዓይነት እርከን በየትኛው ጋራ ከክረምት በኋላ እንደቆመ ከዟሪዎቹ ጋር ሆኖ ይመዝግብ። ከዚያ በኋላ የምናወራው በግምት ሳይሆን በታየ ነገር ይሆናል።

ይህን ስጽፍ ባለሙያውን ለመውቀስ አይደለም፤ ቅጹ ያሰረው ሰው ነው። ሕዝቡንም ለመውቀስ አይደለም፤ ሕዝቡ ሃምሳ ዓመት ድንጋይ ተሸክሟል። የምወቅሰው መቁጠርን ከመሥራት፣ መሥራትን ከመጠበቅ የሚያስበልጠውን ልማድ ነው። ከሥልጣን ወደ ሥልጣን፣ ከመንግሥት ወደ መንግሥት ሳይለወጥ የተሻገረ ልማድ ነው።

ያ አዛውንት ስድስት ሰዓት ተጉዘን አንድ ስንጥቅ አላገኙም። ተሰላችተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «አለማግኘቴ ነው ደስታዬ» አሉኝ። እኔም በልቤ መሳቄን ያቆምኩት ያኔ ነው።

በዚህ ክረምት ዋግ ያላችሁ፣ ከብርቱ ዝናብ ማግስት አንድ ጠዋት ከጎረቤታችሁ ጋር ከማሳችሁ በላይ ያለውን ጋራ ዞራችሁ እዩት። የወለቀ ካለ መልሱት። ከአቅም በላይ ከሆነ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ለቀበሌያችሁ ስጡ፣ ግልባጩንም ያዙ። መስከረም ላይ ስንት እንደቆመ እንቁጠር፤ ያኔ እኔም ቆጣሪ እሆናለሁ።

ሐሳቡ ስህተት ነው የምትሉ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ክፍት ነው፤ የምትስማሙ ለምታውቁት የግብርና ባለሙያ አጋሩት።

ቸር ሰንብቱ።